ቮልስ ልግዛ ወይ ላልከኝ

ሰሞኑን መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ኦዲተር ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «እትዬ፣ የመጀመሪያ መኪናዬን አሮጌ ቮልስ ልገዛ ነው። እርስዎም ነበረዎት አሉ። ምን ይሉኛል?» አለኝ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ከፊት አለ። ከጎን አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳም አለ። ከሥሯ የተነሳ ግን አንድም የለም። የሞተሩም የለም።

«አትግዛ» አልኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ማታ ግን ነገሩ አላስተኛ አለኝ። የሰጠሁት መልስ አይደለም ያሳሰበኝ። ጥያቄው አንድ የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኝ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍለት ቁጭ አልኩ። ይህን የሚያስብ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

መጀመሪያ «አትግዛ» ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የዚያን ዘመን ቮልስ ኤርባግ የላትም። አብዛኞቹ ዲስክ ፍሬን የላቸውም። የቤንዚን ታንክ ያለው ከፊት፣ ከእግራችሁ ማዶ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተሠሩት ደግሞ የመሪያቸው ዘንግ በግጭት ጊዜ አይታጠፍም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ደረት ይመጣል። ልጄን በዚህች መኪና በየቀኑ ሥራ ሂጂ አልላትም። እኔ ራሴ ግን ለዓመታት ነዳኋት፤ አንድም ቀን ይህን አስቤው አላውቅም። አሁን ሳስበው ነው የሚያስፈራኝ።

የእኔዋ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ነበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) የሸጠልኝ ሰው ራሱ ስንተኛ ባለቤቷ እንደሆነ አያውቅም። ሞተሯ 1,192 ሲሲ፣ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ እሷን የሚያስንቅ ሞተር ሳይክል ሞልቷል። መብራቷ በ6 ቮልት ነው የሚሠራው። ማታ ማታ መንገዱን ለእኔ ከማሳየት ይልቅ እኔን ለሌላው የምታሳይ ይመስለኝ ነበር።

የቤንዚን ጌጅ የሚባል ነገር የላትም። ሞተሩ መንገራገር ሲጀምር ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ትንሽ እጀታ ታዞራላችሁ። አምስት ሊትር ያህል መጠባበቂያ ይለቀቃል። ከቀዳችሁ በኋላ እጀታዋን ወደ ቦታዋ መመለስ አለባችሁ። ካልመለሳችሁ በሚቀጥለው ጊዜ መጠባበቂያ የለም፤ በእግር መሄድ ነው። የጓደኛዬ ትንሽ ዘግይታ ስለተሠራች ጌጅ ነበራት። በዚህም ትኮራብኝ ነበር። የእሷ መኪና የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ግን የሚረጨው በተቀያሪው ጎማ አየር ነው። እውነቴን ነው። ከፊት ኮፈን ሥር ካለው ስኮርታ ቀጭን ቱቦ ይነሳል። ጓደኛዬ መስታወቷ ንጹሕ እንዲሆን ስኮርታውን ከልክ በላይ ታስነፋው ነበር። ጎሚስታው ለምን እንደሆነ ደጋግማ ብታስረዳውም አያምናትም።

የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ የቮልስን ቁጥሮች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ዲዛይኗ የፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካውን እንደገና ያስነሳው አይቫን ሂርስት የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 ፎርድ ሞዴል ቲ ይዞት የኖረውን የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ጁላይ 30 ቀን 2003 ወጣች። ጠቅላላ ድምሩ 21,529,464 ነው። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ይህን ያህል ስለተሠራች ዕቃዋ እስከ ዛሬ ይገኛል። በብዙ ሰው እጅ ስላለፈችም የማይታወቅ በሽታ የላትም። ከሌሎች አሮጌ መኪኖች የምትሻለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ።

መካኒኬ ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት የሄድኩባቸው ጋራዦች የሚያስረዱት ለእኔ ሳይሆን አብሮኝ ለመጣው ወንድ ነው። ታናሽ ወንድሜን ይዤ እሄዳለሁ። መንጃ ፈቃድ እንኳ ያልነበረው ልጅ ነው። ስለ ካርቡራተሩ ለእሱ ይነግሩታል። እሱም እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ሂሳቡን ስንከፍል ብቻ ወደ እኔ ይዞራሉ። ይኼ ሰውዬ ግን ገና የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴ እጄ ላይ አስቀመጠና «ያዢ ልጄ» አለኝ። ወንድሜን ደግሞ «አንተ ቁጭ በል» አለው። በዚያው ቀረሁ፤ ሌላ ጋራዥ አልሄድኩም።

ከሁሉ አስቀድሞ ያስጠናኝ ስለ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ነው። ብዙ ሰው ያቺ መብራት ስትበራ ባትሪው እየሞላ አይደለም ማለት ነው ብሎ ቀስ እያለ ቤቱ ይገባል። ቮልስ ግን ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ፋኑ ይቆማል። ፋኑ ከቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። «ይቺ ስትበራ ባትሪ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ቁሚ» አለኝ። ደጋግሞ ነው ያለኝ። እኔም «ቁሚ» የሚለውን እንደ ፊደል ቆጠርኩት።

አንድ ቀን እናቴን ይዤ ረጅም ዳገት እየወጣሁ ቀይዋ ቦግ አለች። ወዲያው ዳር ያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ። እናቴ «ምን ሆነ?» አለች። «ቺንጋ» አልኳት። «ውሃ አንሷት ይሆናል» አለች። ውሃ እንደማትጠጣ ብነግራት አልተቀበለችኝም። አንድ አላፊ ሾፌር ሲያየን ቆሞ በጀሪካን ውሃ ይዞ ወረደ። እናቴ እኔን በድል ዓይን አየችኝ። ሰውየው ግን ውሃውን የት እንደሚጨምር ፈልጎ አጣ። ጀሪካኑን ይዞ ዞረ፣ ዞረና ሳቀ።

ትርፍ ቺንጋ ከፊት ነበረኝ። የ21 ቁልፍ ነበረኝ። ካቻቢቴዋንም ይዤያለሁ። የዲናሞው ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ለሁለት የሚከፈል ነው። ጠርዙ ላይ ባለችው ክፍተት ካቻቢቴ አስገብታችሁ እንዳይዞር ትይዙታላችሁ፤ ከዚያ ዳዶውን ትፈታላችሁ። በሁለቱ ግማሾች መሃል ሮንዴላዎች አሉ። ቺንጋው ሲላላ ከመሃል ሮንዴላ ይቀነሳል፤ ሲጠብቅ ይጨመራል። የተቀነሰችው ሮንዴላ ደግሞ አትጣልም። ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ትቀመጣለች። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ ልክ ነው። አሰርኩት፣ አስነሳሁት፣ መብራቷ ጠፋች። እናቴ ባለ ጀሪካኑን አመስግና መርቃ ሸኘችው። እኔን አላመሰገነችኝም። እስከ ዛሬ ስስቅበት እኖራለሁ።

ያን ቀን የተሰማኝን ነገር በደመወዝም በዕድገትም አግኝቼው አላውቅም። ግን ቁጭቴ ይህ አይደለም።

ቫልቭ (ወደ ሲሊንደሩ ነዳጅና አየር የሚያስገባው፣ ጭሱንም የሚያስወጣው በር) የሚስተካከለው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ስለዚህ ማልጄ መኪናዋን ለመካኒኬ አደርስና ሌላ ጉዳዬን ጨርሼ እመለሳለሁ። አብረን እንሠራዋለን። እሱ ቀጭኗን የብረት መለኪያ ያስገባል፤ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ። ክፍተቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.10 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቁጥር መጻፍ ልማዴ ነው። እሱ ከዚያ በፊት ጽፎ አያውቅም፤ በእጁ ነበር የሚያውቀው። አንድ ቀን ደብተሬን ሳገላብጥ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ እንደሚገኝ አየሁ። ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። እሷ ብቻ። ነገርኩት።

ደብተሩን ተቀበለኝና ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። በእነዚያ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው በሦስተኛው ሲሊንደር በኩል፣ ፋኑ በሚነፍስበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ያነሰ ቀዝቃዛ አየር ያገኛል። ይሞቃል። ቫልቩ በሙቀት እየተለጠጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። አንድ ቀን ጭንቅላቱ ይቆረጥና ፒስቶኑ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሞተር የሚባል ነገር አይኖርም። (ፋብሪካው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ገለል አድርጎታል። ለእኔዋ አልደረሰላትም።)

«ይፈታል» አለ። «ሞተሩ ይወርዳል። ውስጡን አሳይሻለሁ ስልሽ የነበረው አሁን ነው። ቅዳሜ ነይ።»

ውስጡን ማየት ምን ያህል እመኝ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ስለ ፒስቶን፣ ስለ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን)፣ ስለ ካምሻፍት ስሰማ ነው የኖርኩት። አንዱንም በቦታው አላየሁትም። የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በ4 ቡሎን ብቻ ነው። የቤንዚኑን የጎማ ቱቦ፣ የነዳጅ መስጫውን ኬብል፣ የማሞቂያውን ኬብሎች፣ ሽቦዎቹን ነቅሎ፣ ቡሎኖቹን ፈትቶ በክሪክ ያወርዱታል። የለመደ ሰው አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ይህንንም ሰምቼ ነው የማውቀው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አድርሼ የሥራ ልብሴን ለብሼ ቆምኩ። ሊጀምር ሲል ለአንድ ደንበኛ ሪፖርት መጨረስ አለበት ተብሎ ከመሥሪያ ቤት ተጠራሁ። አለቃዬ ቢሮ ገብቷል፣ ሌሎቹም ገብተዋል። ያን ጊዜ ገና አዲስ ነኝ። «ሂጂ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። ሄድኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሪፖርቱ ላይ አንድ ድምር አልገጥም አለን። ዞርንበት፣ ዞርንበት፣ ከሰዓት በኋላ አገኘነው። በጣም ትንሽ ገንዘብ ነበረች። የደንበኛው ስም ዛሬ ጠፍቶብኛል። የሪፖርቱንም ርዕስ አላስታውስም።

ስመለስ መሽቷል። ሞተሩ ገብቷል። ሰውዬው እጁን በሳሙና እየታጠበ ነው። ጠብቆኛል፤ ግን ጋራዡ ይዘጋል፣ መኪናዋም ሰኞ ታስፈልገኛለች። ምን ያድርግ? አሮጌዋን ቫልቭ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ግንዷ ከአንገቷ ሥር ቀጥኖ ይታያል። ቴስታታው ምን እንደሚመስል፣ ፒስቶኑ ላይ ካርቦኑ እንዴት እንደተጋገረ፣ የትኛው ጋ ደረቅ፣ የትኛው ጋ ዘይት እንደነበረው በቃሉ ነገረኝ። በእጁ እየሳለ ነገረኝ። «ብታዪው ጥሩ ነበር» አለኝ። «ሌላ ጊዜ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ታያለሽ» ብሎ አጽናናኝ።

አልተከፈተም። በጣም ጥሩ አድርጎ ስለሠራው እኔ እስክሸጣት ድረስ የሚያስከፍት ነገር አልገጠማትም። ይኼ ነው እንግዲህ ቁጭቴ። መሄዴን ጥፋት አልለውም። ሥራ ሥራ ነው፤ ዛሬም ቢጠሩኝ የምሄድ ይመስለኛል። ግን የራሴ ሞተር አንድ ጊዜ ተከፍቶ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ በሥራዬ አንድ ነገር ተቀየረ። የዕቃ ግምጃ ቤት ቆጠራ ሲኖር ረዳት ልኬ ወረቀቱን መጠበቅ ተውኩ። ሣጥኑ ሲከፈት እዚያ እቆማለሁ። ባለ ግምጃ ቤቶች አይወዱኝም። አንዳንዶቹ «ሴትዮዋ መጣች» ይባባላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይበሉ።

መኪናዋን የሸጥኳት ልጆች ስለመጡ ነው። የኋላ ወንበሯ ለሁለት ሕፃንና ለዕቃቸው አልበቃም። በዚህ አይቆጨኝም። የገዛት ሰው ደብተሬንም አብሮ ወሰደ፤ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት።

እናንተን ወጣቶቹን ሳይ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። መኪና ትሰጣላችሁ፣ «ሲያልቅ ደውሉልኝ» ትላላችሁ፣ ካፌ ትገባላችሁ። ኮምፒውተራችሁም ሲበላሽ እንደዚያው ነው። ምን እንደነበር አትጠይቁም። ስንት እንደሆነ ብቻ ነው የምትጠይቁት። ትዕግሥት የላችሁም ብዬ ለመፍረድ እቸኩላለሁ። ይህን ስጽፍ ግን የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝ። በቪዲዮ ብቻ አይቶ የአንድ አሮጌ መኪና ካርቡራተር ፈትቶ አጥቦ ገጠመ። መኪናዋም ሠራች። እኔ በእሱ ዕድሜ ካርቡራተርን ለመንካት የሰው ፈቃድ እጠብቅ ነበር። ስለዚህ ፍርዴን ግማሹን ውሰዱት።

እና ያ ልጅ ይገዛታል። አውቀዋለሁ። «አትግዛ» ስለው ፊቱ ላይ አየሁት። እንግዲህ ከገዛህ አይቀር ስማኝ። ኢንሹራንስ ግባ፣ ሰነዷን አጣራ አልልህም፤ አንተው ኦዲተር ነህ።

ቀለሟን እርሳው። የኋላ ወንበሯን አንሳ። ባትሪዋ እዚያ ሥር ነው። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ወለል ነው። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ መሸፈኛ መኖሩንም እይ፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሽቦው ነክቶ እሳት ያስነሳል። ከዚያ ተንበርከክና ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርግ። የማሞቂያው አየር የሚያልፈው በዚያ ውስጥ ነው፤ የአካሏም ጥንካሬ እዚያው ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይም ዝገት ከረገፈ ሌላ መኪና ፈልግ። ያን መጠገን ከሞተር ይብሳል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ራስህ ሳበው፣ መልሰህ ግፋው። በዓይን የሚታይ፣ ቋ የሚል እንቅስቃሴ ካለው የውስጡ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ማቀፊያ) አልቋል ማለት ነው። በልኬት ሲታይ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ሻጩ ምንም ቢልህ ይህን ሳታደርግ አትክፈል።

ከገዛሃት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የቤንዚኑን የጎማ ቱቦዎች በሙሉ ቀይር። ደህና ቢመስሉም ቀይር። ያረጀ ጎማ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው ትኩስ ሞተር ላይ ነው፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ማሞቂያውን ስትከፍት የጭስ ሽታ ከመጣ ዝጋውና መስኮት አውርደህ ንዳ። ሙቀቱ የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ስለሆነ ዝገት ካለ መርዙም አብሮ ይገባል። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ወንፊት እንጂ እንደ ዛሬዎቹ የዘይት ፊልትሮ የላትም። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይርላት፤ ቫልቯንም አብረህ አሳይ። ቁጥሩን ጻፍ። በስልክህም ቢሆን ጻፍ፤ በተለይ የሦስተኛውን።

ለማየት ስትሄድ በጠዋት ሂድ። እጅህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ብዙ አትከራከር፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ በለውና ሳትቀጥረው ድንገት ሂድበት። ቀዝቃዛዋን ራስህ አስነሳት።